የዘጠና ቀኑ ወረቀት

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱ ሳይመካከሩ አንድ ቦታ ተገናኝተዋል፤ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ላይ። አንዳቸውም ስለ ጀግና ጄኔራል ስላልጠየቁኝ ደስ ብሎኝ አራቱንም በአንድ ላይ አቅርቤያቸዋለሁ። ዘመኑ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። የአንደኛ ዓመት የታሪክ ተማሪ ነኝ። አሜሪካ በ1861 ለሁለት ስትከፈል የነበራት አንድ መንግሥትና አንድ ጦር ነው። ታዲያ በጥቂት ወራት ውስጥ ሁለት ግዙፍ ሠራዊት ከየት መጣ? ማን ጠራው? በምንስ ታጠቀ?

መልስ፦ ልጄ፣ ጥያቄሽ ውስጥ አንድ የተደበቀ ግምት አለ፤ መጀመሪያ እሱን እናውጣው። ለሁለት የሚከፈል ትልቅ ጦር አልነበረም። የፌዴራሉ መደበኛ ጦር ከ16,000 ሰው ብዙም አይዘልም ነበር፤ እሱም አብዛኛው በምዕራቡ ጠረፍ በየምሽጉ ተበታትኖ የሚኖር ነው። የተከፈለው መኮንኑ ነው። ከሦስቱ አንድ ያህሉ ሥራውን እየለቀቀ ወደ ተገነጠለው ደቡብ ሄደ። ሮበርት ሊ ኤፕሪል 18 የሰሜኑን ጦር እንዲመራ ተጠየቀ፤ ከሁለት ቀን በኋላ መልቀቂያውን ጻፈ። ተራው ወታደር ግን በአመዛኙ ባለበት ቀረ። መልቀቂያ ጽፎ መሄድ የመኮንን መብት ነበርና።

የመጀመሪያው መድፍ የተተኮሰው ኤፕሪል 12 ቀን 1861 ገና ጎህ ሳይቀድ፣ በቻርለስተን ወደብ ባለው በሰምተር ምሽግ ላይ ነው። አስደብዳቢው የደቡቡ ጄኔራል ቦሪጋርድ፣ ምሽጉ ውስጥ የነበረው የሰሜኑ ሻለቃ አንደርሰን። አንደርሰን በዌስት ፖይንት የጦር ትምህርት ቤት ለቦሪጋርድ የመድፍ ትምህርት ያስተማረ መምህሩ ነበር። ይህን ስነግራቸው ተማሪዎቼ ይስቁ ነበር፤ እኔ ግን ስቄ አላውቅም። ምሽጉ ከ34 ሰዓት ገደማ በኋላ እጁን ሰጠ። በድብደባው አንድም ሰው አልሞተም፤ ይህም ጦርነቱ እንደ ጀመረው ቀላል ሆኖ የሚያልቅ እንዲመስል አደረገ።

የመጀመሪያው መድፍ በተተኮሰ በሦስተኛው ቀን ፕሬዚዳንቱ ሊንከን ክተት አለ፤ 75,000 ሚሊሺያ ለዘጠና ቀን። ብዙ ሰው ይህን ቁጥር ሲያነብ «የዋህ ነበር» ይላል። የዋህነት ብቻ አልነበረም። በእጁ የነበረው የ1795 ሕግ ፕሬዚዳንቱ ሚሊሺያን ከሦስት ወር በላይ እንዲያቆይ አይፈቅድለትም፤ ኮንግረሱ ደግሞ የተጠራው ለጁላይ 4 ነበር። ስለዚህ ዘጠና ቀን የተስፋም የሕግም ልክ ነው። ይህን የዘጠና ቀን የውል ወረቀት በአእምሮሽ ያዥው፣ እንመለስበታለን።

ጥሪው የደረሰው ለየግዛቱ ገዥዎች ነው፤ በኮታ። የኦሃዮው ገዥ 13 ሬጅመንት ሲጠየቅ ከ20 በታች ማቆም አልቻልኩም ብሎ ቴሌግራፍ መለሰ። የኬንታኪው ገዥ ደግሞ አንድም ሰው አልሰጥም አለ። ከገዥው በታች ያለውን ስታዪው ግን ነገሩ የሠፈር ሥራ ነው። አንድ የታወቀ ጠበቃ ወይም ነጋዴ ማስታወቂያ ይለጥፋል፤ መቶ ያህል ሰው ይሰበሰባል፤ የተሰበሰበው ሰው ድምፅ ሰጥቶ ያንኑ ጠበቃ ሻምበል አድርጎ ይመርጠዋል። እንዲህ ያሉ አሥር ቡድኖች ሲደመሩ አንድ ሬጅመንት ይሆናሉ። ባንዲራውንና ልብሱን የከተማው ሴቶች ይሰፋሉ። ደቡቡም እንደዚሁ ነው። ልጆቻቸውን አንድ ላይ የላኩ ከተሞች በአንድ ቀን ውጊያ አንድ ላይ አጧቸው።

ልብሱን በየሠፈሩ የሰፋው ሰው ቀለሙን አልተመካከረም። በቡል ረን ውጊያ የዊስኮንሲን ሁለተኛ ሬጅመንት ግራጫ ለብሶ ለሰሜን ሲዋጋ፣ ከኋላው ያሉት የራሱ ወገኖች ጠላት መስሏቸው ተኮሱበት። ከደቡቡም ሰማያዊ የለበሱ ነበሩ።

የሊንከን ጥሪ ለደቡቡም መለመለለት። እስከዚያ ቀን ሲያመነቱ የቆዩት ቨርጂኒያ፣ አርካንሳስ፣ ቴነሲና ሰሜን ካሮላይና «በወንድሞቻችን ላይ አንዘምትም» ብለው ተገነጠሉ፤ ሰባት የነበሩት የተገነጠሉ ግዛቶች አሥራ አንድ ሆኑ። ከሁሉም የከበደችው ቨርጂኒያ ናት፤ ትሬዴጋር የተባለውን ትልቁን የደቡብ ብረት ፋብሪካ ይዛ ነው የመጣችው። የደቡቡ ዋና ከተማም ከሞንትጎመሪ ወደ ቨርጂኒያዋ ሪችመንድ ተዛወረ። ትጥቁ በአብዛኛው ከፌዴራሉ ግምጃ ቤት የተወረሰ ነው። በሃርፐርስ ፌሪ የነበሩት ወታደሮች የጠመንጃ ፋብሪካውን አቃጥለው ሸሹ፤ ማሽኖቹ ግን ተረፉና ተፈትተው፣ በባቡር ተጭነው ወደ ሪችመንድና ወደ ፋየትቪል ተላኩ። ከኖርፎክ የባሕር ኃይል ግቢ 1,200 ያህል መድፍ ተገኘ። ያም ሆኖ አልበቃም። የአደን ጠመንጃውን ይዞ የመጣ ብዙ ነው፤ ጠመንጃ የለም ተብሎ ወደ ቤቱ የተመለሰ ፈቃደኛም ብዙ ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ጁላይ 21 ቡል ረን ላይ የመጀመሪያው ትልቅ ውጊያ ሊጀመር ነው። ከፔንሲልቬኒያ የመጣው አራተኛው ሬጅመንት ዘጠና ቀኑ ሞልቶታል። ጄኔራል ማክዳወል ጥቂት ቀን ቆዩ ብሎ ለመነ። እነሱ ግን ጓዛቸውን ጠቅልለው፣ የመድፉ ድምፅ ከኋላቸው እየተሰማ ወደ ቤታቸው ተጓዙ። ፈሪዎች ናቸው እንዳትዪ፤ የፈረሙትን ያውቃሉ። ሰሜኑ ያን ቀን ተሸነፈ፤ ኮንግረሱም ወዲያው 500,000 ፈቃደኛ ፈቀደ፤ የውሉም ጊዜ እስከ ሦስት ዓመት ሆነ።

ደቡቡ ብልጥ ሆኖ ለአሥራ ሁለት ወር ነበር ያስፈረመው። አሥራ ሁለቱ ወር በ1862 ጸደይ ሊያልቅ ሲል ፈቃደኛው ሊበተን ሆነ። ስለዚህ ኤፕሪል 16 ቀን 1862 ከ18 እስከ 35 ዓመት ያለውን ነጭ ወንድ በሙሉ በግዳጅ የሚያስገባ ሕግ ወጣ፤ በጦሩ ውስጥ ያለውም ሳይጠየቅ ሦስት ዓመት ተጻፈበት። በአሜሪካ ምድር የመጀመሪያው አገር አቀፍ የግዳጅ ምልመላ ይህ ነው። ያወጣው «ማዕከላዊ መንግሥት በግዛቶች ላይ አይዘዝ» ብሎ የተገነጠለው ወገን መሆኑን አስቢው። የጆርጂያው ገዥ ጆሴፍ ብራውን ይህን አልረሳም፤ እስከ ጦርነቱ ማብቂያ ከሪችመንድ ጋር ሲጨቃጨቅና የራሱን ሚሊሺያ መኮንኖች ከምልመላው ሲያስቀር ኖረ።

ጥያቄ፦ እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ስለ ጀብዱ አይደለም የምጠይቅዎ። ይህ ሁሉ ሰው ሲበላና ሲለብስ ማን ከፈለ?

መልስ፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ በወር አንድ ቢደርሰኝ አርፌ እተኛ ነበር። ሰሜኑ ከሦስት ኪስ አወጣ፤ ከብድር፣ ከግብርና ከማተሚያ ማሽን። ጄይ ኩክ የተባለ የባንክ ሰው የመንግሥትን ቦንድ ለባለጠጋ ብቻ ሳይሆን ለገበሬና ለአስተማሪ በየከተማው አዙሮ ሸጠ። በ1861 የመጀመሪያው የፌዴራል የገቢ ግብር ታወጀ፤ ከ800 ዶላር በላይ በሚገኝ ገቢ ላይ 3 በመቶ። በፌብሩዋሪ 1862 ደግሞ ጀርባው አረንጓዴ የሆነው የወረቀት ገንዘብ መጣ። ዘረፋው ታዲያ አልቀረም። ከተበጣጠሰ አሮጌ ጨርቅ ተፈትሎ የተሠራ የደንብ ልብስ ለጦሩ ተሸጦ፣ ዝናብ ሲነካው በወታደሩ ገላ ላይ ይፈታ ነበር።

ደቡቡ ሀብቱ መሬትና ባሪያ ነው፤ ሁለቱም በጥሬ ገንዘብ አይመነዘሩም። ጥጡን ወደ ውጭ እንዳይወጣ ያዘው፤ እንግሊዝና ፈረንሳይ ተቸግረው ይለምኑናል ብሎ። የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ግን ካለፉት ዓመታት የተትረፈረፈ ምርት በመጋዘናቸው ነበራቸው። ጥጡ መውጣት ሲገባው ተያዘ፤ ይውጣ ሲባል የሰሜን መርከቦች ወደቡን ዘግተው ነበር። ከዚያ በኋላ የቀረው ማተም ነው። በጦርነቱ ማብቂያ ዋጋ 90 እጥፍ ገደማ ደርሶ ነበር። በ1863 መንግሥት የራሱን ገንዘብ ሳያምን ቀርቶ ከገበሬው እህልና ሥጋ በዓይነት አሥራት መሰብሰብ ጀመረ።

በዚያው ዓመት ኤፕሪል 2 የሪችመንድ ሴቶች ዳቦ አጥተው ሱቅ ሰበሩ። ፕሬዚዳንታቸው ጄፈርሰን ዴቪስ ጋሪ ላይ ወጥቶ ኪሱ ውስጥ ያለውን ሳንቲም በተነላቸው፤ ከዚያ ሰዓቱን አውጥቶ በአምስት ደቂቃ ካልተበተናችሁ ወታደሩ ይተኩሳል አላቸው። ተበተኑ። እርስዎ የሒሳብ ሰው ነዎትና፣ የደቡቡን ሒሳብ መዝገብ በዚህ ጋሪ ላይ ያንብቡት።

ጥያቄ፦ ሰሜኑ በሰውም በፋብሪካም በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር ይባላል። ታዲያ አራት ዓመት ለምን ፈጀበት?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ከእርስዎ በፊት አንድ የኋላ ወንበር ተማሪ ጠይቆኝ አፌን አስይዞኛል። በየዓመቱ ሰሌዳው ላይ ሁለት ዓምድ አሰምር ነበር። ሰሜን፦ 22 ሚሊዮን ሕዝብ፣ 35,000 ኪሎ ሜትር ሐዲድ፣ ከ100,000 የሚበልጥ ፋብሪካ። ደቡብ፦ 9 ሚሊዮን፣ ከዚያም ውስጥ 3.5 ሚሊዮን ባሪያ፤ ሐዲዱ ከ15,000 ኪሎ ሜትር አይሞላ፤ ፋብሪካው ወደ 18,000። ልጁ እጁን አንሥቶ «መምህር፣ ታዲያ ጦርነቱ ለምን በአንድ ወር አላለቀም?» አለ። ደወሉ አዳነኝ።

ለዚያ ልጅ ዛሬ የምመልስለት ይህ ነው። በሰሌዳው ላይ የጻፍኩት ያላቸውን እንጂ የተሰናዳውን አልነበረም። የስፕሪንግፊልድ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ በ1860 ከ10,000 ያነሰ ጠመንጃ ነው የሠራው፤ በ1864 ከ270,000 በላይ። በመካከል ያሉት ዓመታት አቅምን ወደ ጠመንጃ ለመለወጥ የፈጁ ናቸው። ደግሞም ሰሜኑ ለማሸነፍ ሰፊ አገር ወርሮ መያዝ ነበረበት፤ ለደቡቡ ሳይሸነፉ መቆየት ይበቃዋል። እርሻው በባሪያ ጉልበት ስለሚታረስ ደቡቡ ለመዋጋት ዕድሜው ከደረሰ ነጭ ወንድ ከአምስት አራቱን ያህል ወደ ጦሩ መላክ ቻለ።

አንድ ሰው ልጨምር፤ ጆሳያ ጎርጋስ። ፔንሲልቬኒያ ተወልዶ ለደቡብ የመሣሪያ ግምጃ ቤት ኃላፊ የሆነ መኮንን ነው። ከባዶ ተነሥቶ በጆርጂያ፣ ኦገስታ ትልቅ የባሩድ ፋብሪካ አስቆመ፤ የቤተ ክርስቲያን ደወል እየቀለጠ መድፍ ሆነ። ለባሩድ የሚሆነው ጨው ከዋሻ ይፋቅ ነበር፤ ሲያልቅ በአላባማ፣ ሴልማ የነበረው ሹም ወይዛዝርት የሌሊት ሽንታቸውን እንዳይደፉ፣ በርሜል ይዞ የሚሰበስብ ሰው እንደሚልክ በጋዜጣ አስታወቀ። ወታደሩ ግጥም ገጠመበት። ሳቁን ትተን ሥራውን ብናይ፣ ጫማና ዳቦ ያጣው የደቡብ ጦር እስከ መጨረሻው ባሩድ አላጣም።

ሰሜኑም ቢሆን ሰው አለው ማለት ሰው ይመጣለታል ማለት አይደለም። በማርች 1863 የራሱን የግዳጅ ሕግ አወጣ፤ 300 ዶላር የከፈለ ወይም ምትክ የቀጠረ ይቀራል። 300 ዶላር የአንድ የቀን ሠራተኛ የዓመት ደመወዝ ያህል ነው። ጁላይ 13 ኒውዮርክ በእሳት ተነሣች፤ በአራት ቀን ከመቶ ሰው በላይ ሞተ፤ ሕጉን ያላወጡት ጥቁሮች ተሰቀሉ፤ የልጆቻቸው ማሳደጊያ ተቃጠለ። ደቡቡ ደግሞ 20 ባሪያ ላለው እርሻ አንድ ነጭ ወንድ ከዘመቻ እንዲቀር ፈቅዶ ነበር። በሁለቱም ወገን ድሃው «የሀብታም ጦርነት፣ የድሃ ውጊያ» አለ።

ጥያቄ፦ ጥቁሮቹስ የት ነበሩ? ክተቱ እነሱን አይጨምርም ነበር?

መልስ፦ በ1861 ለመዝመት የመጡትን ሰሜኑ መለሳቸው፤ «ይህ የነጭ ጦርነት ነው» ተብለው። ሰው ሲያጥርና ጦርነቱ ስለ ባርነት መሆኑ ሲገለጥ፣ ከ1863 መጀመሪያ አንሥቶ በሩ ተከፈተ። 179,000 ያህል ገቡ፤ ከሰሜኑ ጦር ከአሥር አንድ ማለት ነው። ለነጩ ወታደር 13 ዶላር ሲከፈል ለእነሱ 10 ነበር፤ ከእሱም 3 ለልብስ ይቆረጣል። የማሳቹሴትስ 54ኛ ሬጅመንት ወታደሮች ይህን አንቀበልም ብለው ከዓመት በላይ ያለ ደመወዝ ተዋጉ። ኮንግረሱ ክፍያውን ያስተካከለው በጁን 1864 ነው።

ደቡቡ ባሪያውን ምሽግ ያስቆፍረው፣ ጋሪ ያስነዳው ነበር እንጂ ጠመንጃ አይሰጠውም። በጃንዋሪ 1865 ይሰጠው የሚል ሐሳብ ሲነሣ የጆርጂያው ጄኔራል ሃውል ኮብ ባሪያ ጥሩ ወታደር ከወጣው ስለ ባርነት ያለን ትምህርት በሙሉ ስህተት ነው ብሎ ጻፈ። በዚህ ብቻ ልክ ነበር። ሕጉ ማርች 13 ጸደቀ፤ ጥቂት ጥቁሮች ተመልምለው በሪችመንድ ጎዳና ላይ ሰልፍ መለማመድ ጀመሩ። ኤፕሪል 3 ማለዳ የሰሜን ጦር ወደ ከተማዋ ሲገባ ከፊት ከነበሩት መካከል የሰሜኑ ጥቁር ወታደሮች ነበሩበት።