አናቱ ላይ የተንሳፈፈው ሚንት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። 26 ዓመቴ ነው። ሲጋራ ካቆምኩ 7 ወር ሆነኝ። አሁን ቬፕ (በባትሪ የሚሠራውን ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ነው የምስበው፣ ፈሳሹንም ራሴ ነኝ የምቀምመው። ግሊሰሪን፣ ፕሮፒሊን ግላይኮል፣ ኒኮቲንና ቃና ነው የምጨምርበት። ባለፈው ሳምንት የሚንት ቃናዬ አለቀብኝና ኩሽና ውስጥ ለከረሜላና ለኬክ የሚሆን ሚንት አግኝቼ 10 ጠብታ ጨመርኩበት። ጀርባው ላይ «የሚንት ዘይት፣ የአትክልት ዘይት» ይላል። ስበጠብጠው ይደባለቃል፣ ሲያድር ግን ዘይቱ አናቱ ላይ ይወጣል። ሁለት ቀን ስቤዋለሁ። ትንሽ ያስለኛል። ሌሲቲን (ዘይትን ከውሃ ጋር ለማደባለቅ ምግብ ውስጥ የሚገባው) ቢገባበት ወይም ሙቅ ውሃ ውስጥ ቢቀመጥ ይዋሃዳል አሉኝ፣ እውነት ነው? ደግሞስ ግሊሰሪኑ ራሱ ከአትክልት ዘይት አይደል እንዴ የሚሠራው? የምቀምመው ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ነው። ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔ፣ እህቴና የ3 ዓመት ልጇ ብቻ ነን።
ሚንት ወዳዱ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዕድሜህን ስለነገርከኝ አንተ ልበልህ። ያንን ፈሳሽ ከአሁን ጀምሮ አትሳበው። ታንኩን (የፈሳሹን መያዣ) ፍታው፣ ጥጡንና ኮይሉን (ማሞቂያ ሽቦውን) ጣላቸው። ዘይት የጠጣ ጥጥ ታጥቦ አይጠራም። የከረሜላውን ሚንት ጠርሙስ ግን ለጊዜው አትጣለው፣ ምክንያቱን እነግርሃለሁ።

ከደብዳቤህ ሁሉ ያሳሰበችኝ «ትንሽ ያስለኛል» የምትለዋ ናት። ሚንት ውስጥ ያለው ሜንቶል ቅዝቃዜ የሚሰማውን የነርቭ ተቀባይ ነው የሚነካው፤ ምንም ሳይቀዘቅዝ «ቀዘቀዘ» ያሰኘዋል። በዚያ ላይ ጉሮሮን ያደነዝዛል። ስለዚህ ሌላ ጊዜ የሚቆጠቁጥህ ጭስ በሚንት ሲመጣ ለስላሳ ይሆንልሃል፣ አንተም ጠለቅ አድርገህ ትስበዋለህ። ሚንቱ እያለም እያሳለህ ከሆነ ነገሩን አቅልለህ አትየው። ትንፋሽ ካጠረህ፣ ደረትህን ከወጋህ፣ ካተኮሰህ ሳትውል ሳታድር ሐኪም ዘንድ ሂድ። እነዚህ ባይኖሩም፣ ሳሉ በጥቂት ቀን ውስጥ ካልተወህ ሐኪም ይይህ። ስትሄድ ጠርሙሱን ይዘህ ሂድ፤ «ይህንን በቬፕ ስቤዋለሁ» በል። ካልነገርከው ሐኪሙ ተራ የሳንባ ምች ሊመስለው ይችላል። ዘይት ያመጣው ምች ደግሞ ጀርም የለበትምና አንቲባዮቲክ አይፈታውም።

ዘይት ሳንባ ሲገባ ምን ይሆናል? ሆድ ዘይትን የሚፈጭበት ሐሞትና ኢንዛይም አለው። ሳንባ ይህ የለውም። ያለው ባዕድ ነገር የሚለቅሙ ህዋሳት ናቸው። እነሱ ዘይቱን ይውጡታል፣ ግን በቅጡ ሊፈጩት አይችሉም። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ሆዳቸው በቅባት አረፋ ተሞልቶ ይታያል። ቦታው ይቆጣል፣ አየር የሚገባበት ይጠባል። በሽታው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1925 በሕክምና ጽሑፍ ላይ ተመዝግቧል፤ ያኔ ምክንያቱ ለአፍንጫና ለጉሮሮ ይሰጥ የነበረ ዘይት ነው። ለመድኃኒት ተብሎ የተሰጠ ዘይት ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ ውስጥ የሆነውን ሰምተህ ይሆናል። እስከ 2020 የካቲት ድረስ ከቬፕ ጋር በተያያዘ የሳንባ ጉዳት 2,807 ሰዎች ሆስፒታል ገብተዋል ወይም ሞተዋል፤ የሞቱት 68 ናቸው። ከ51 ሕሙማን ሳንባ በተወሰደ ፈሳሽ ላይ ምርመራ ሲደረግ በ48ቱ ውስጥ ቫይታሚን ኢ አሲቴት የሚባል ዘይታማ ነገር ተገኘ። አብዛኞቹ የሳቡት ካናቢስ ያለበትን ፈሳሽ ነው፣ ያንተ ጉዳይ ከዚያ ይለያል። ግን ቫይታሚን ኢ አሲቴት ሰው በክኒን የሚውጠው፣ ቆዳውን የሚቀባው ነገር ነው። ለአፍና ለቆዳ ጉዳት ያልነበረው ለሳንባ ጉዳት ሆነ። የከረሜላህ ሚንት ላይ «ለምግብ» የሚለው ጽሑፍ እውነት ነው፤ የሚናገረው ግን ስለ ሆድ ብቻ ነው።

ስለ ግሊሰሪን ያልከው ጥሩ ጥያቄ ነው። አዎ፣ ከአትክልት ዘይት ይወጣል። ከወጣ በኋላ ግን ዘይት አይደለም። አንድ ጠብታ ውሃ ውስጥ ጣልና በማንኪያ አማስለው፤ ድራሹ ይጠፋል። ዘይት እንዲህ አያደርግም።

የፋርማሲ ተማሪ ሳለሁ የሚንት ውሃ እንሠራ ነበር። ጥቂት የሚንት ዘይት ከታልክ ዱቄት ጋር እናሸዋለን፣ ውሃ ጨምረን ክንዳችን እስኪዝል እንበጠብጠዋለን፣ ከዚያ በወረቀት እናጠለዋለን። ጠርቶ የሚወርደው ውሃ ክፍሉን በሚንት መዓዛ ይሞላዋል። ውስጡ የቀረው ዘይት ግን እጅግ ትንሽ ነው፤ የተረፈው ከዱቄቱ ጋር ወረቀቱ ላይ ነው። አስተማሪያችን አንድ ነጭ ወረቀት ላይ ሁለት ጠብታ ጣሉ። አንዱ ከቅጠሉ በእንፋሎት የወጣ ንጹሕ የሚንት ዘይት፣ አንዱ የምግብ ዘይት። በማግሥቱ ስንመጣ ሚንቱ ተንኖ ሄዷል። የምግብ ዘይቱ ቦታ ግን ወደ ብርሃን ስናነሳው እንደ መስኮት ያሳያል። ያንተን ሚንት እንዲህ ብትሞክረው ወረቀቱ ላይ የሚቀረው ቅባት ሳንባህ ውስጥም የሚቀረው ነው።

ታዲያ «ቅባት የማይተወውን ንጹሑን ልጠቀም?» እንዳትለኝ። እሱም ኃይለኛ ነው፣ የአየር መተላለፊያን ያስቆጣል። በተፈጥሮው ፑሌጎን የሚባል ነገር አለበት። የዚህን ሰው ሠራሽ ዓይነት የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ከተፈቀዱ የምግብ ቃናዎች አውጥቶታል፣ በላብራቶሪ እንስሳት ላይ ካንሰር ማምጣቱ ስለታየ።

ሌሲቲኑን ተወው። ሌሲቲን ዘይትን አያጠፋም፣ ይሰባብረዋል። ወተት ውስጥ ቅባት እንዳለ ታውቃለህ፣ ግን ተንሳፍፎ አታየውም፤ ደቃቅ ሆኖ ተበትኗል። ያንተም ፈሳሽ እንደዚያ ይሆናል። አሁን አናቱ ላይ ሲወጣ ቢያንስ ያስጠነቅቅሃል። ከተበተነ ምልክቱም ይጠፋል፣ ጠብታው ግን አንድም አልቀነሰም። ሌሲቲን ራሱም ቅባት ነው። ሙቅ ውሃ ደግሞ ያቀጥነዋል እንጂ አያዋህደውም፤ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይወጣል።

የሜንቶል ክሪስታል ፕሮፒሊን ግላይኮል ውስጥ ይሟሟል፣ ዘይትም የለበትም። ከያዝከው በጣም ይሻላል። ግን «ለሳንባ ደህና ነው» ብዬ ልፈርምልህ አልችልም። እኔን ከጠየቅከኝ ያለ ቃና ብትስበው ይሻልሃል፤ ካልጣመህም እሰየው፣ ትቀንሰዋለህ።

ብቻ ተናድደህ ወደ ሲጋራ እንዳትመለስ። 7 ወር ቀላል አይደለም፣ ደብዳቤህን ሳነብ ደስ ያለኝ እሱ ነው። ሚንቱ በአፍህ እንዲቀርልህ ከፈለግክ ሚንት ጣዕም ያለው የኒኮቲን ማስቲካ አለ። እንደ ተራ ማስቲካ አታኝከው። ቀስ ብለህ አኝከህ መለብለብ ሲጀምር ጉንጭህ ሥር አሳርፈው፣ ሲቀንስ ደግሞ አኝከው። መጠኑን ፋርማሲስት ይንገርህ፤ ቬፑን ጎን ለጎን የምትስብ ከሆነ አትደብቀው።

አንድ ነገር ደግሞ ዛሬ ማታ ሳትተኛ አድርግልኝ። የኒኮቲኑን ጠርሙስ ከዚያ ኩሽና አውጣው። የ3 ዓመት ልጅ ሚንት ሚንት የሚል ጠርሙስ ካገኘች ከረሜላ ነው የሚመስላት። ጥቂቱ እንኳ ሊገድላት ይችላል፣ በቆዳም ይገባል። በቁልፍ ከሚዘጋ ቦታ፣ እጇ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ አስቀምጠው። የቀመምክበትን ጠረጴዛም በሳሙና እጠበው፤ እጅህንም።