የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ገመድ አልባ የሙቀት ሴንሰር ሲተከልና ሲፈተሽ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉ ለእሳት አደጋ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት የሚያገለግሉ ገመድ አልባ የሙቀት ሴንሰሮችን የሚመለከቱ ናቸው። ወደ መልሶቹ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ላስቀድም። ገመድ አልባ ሴንሰር ሁለት ሥራ ያለበት ዕቃ ነው፤ አንዱ ሙቀትን መለየት ሲሆን ሌላው የለየውን በሬዲዮ ሞገድ ለመቆጣጠሪያ ፓናሉ ማድረስ ነው። ከምቀበላቸው ቅሬታዎች አብዛኞቹ የመጀመሪያው ሥራ ብቻ ታስቦበት ሁለተኛው ከተዘነጋባቸው ተከላዎች የሚመጡ ናቸው።

ጥያቄ፦ የአንድ ባለ ብዙ ክፍል ሕንፃ የጥገና ኃላፊ ነኝ። የጭስ ሴንሰሮቹ ያለ ምክንያት እየጮኹ ስላስቸገሩን፣ ወጥ ቤቱን፣ የጄኔሬተር ክፍሉንና የመኝታ ክፍሎቹን በሙሉ በሙቀት ሴንሰር ብቻ ለመሸፈን አስበናል። ሐሳባችን ትክክል ነው? የትኛውን ዓይነትስ እንምረጥ?

መልስ፦ ለወጥ ቤቱና ለጄኔሬተር ክፍሉ ትክክል ነው፤ ለመኝታ ክፍሎቹ ግን አይደለም። የሙቀት ሴንሰር የሚነቃው ትኩሱ አየር ወደ ኮርኒሱ ወጥቶ ሴንሰሩን ራሱን በበቂ ሁኔታ ሲያሞቀው ነው። ፍራሽ ነበልባል ሳያወጣ ውስጥ ውስጡን በሚጨስበት ጊዜ ክፍሉ በመርዛማ ጭስ ተሞልቶ የተኛው ሰው ራሱን ሊስት ይችላል፤ በኮርኒሱ ሥር ያለው ሙቀት ግን በዚያ ሰዓት ሴንሰሩን ለማንቃት ገና አልደረሰም። ስለዚህ ሰው በሚተኛባቸው ክፍሎችና ወደ መውጫ በሚያደርሱ ኮሪደሮች የጭስ ሴንሰሮቹ ይቆዩ። ያለ ምክንያት የሚጮኹትም ብዙውን ጊዜ በአቧራ፣ በመታጠቢያ ክፍል እንፋሎት ወይም በተሳሳተ የተከላ ቦታ የተነሳ ስለሆነ፣ መፍትሔው ማጽዳትና ቦታ መቀየር እንጂ መንቀል አይደለም።

የሙቀት ሴንሰሮች በአሠራራቸው ሁለት ዋና ዓይነት ናቸው። አንደኛው አስቀድሞ የተወሰነ የሙቀት ደረጃ ላይ ሲደረስ ብቻ የሚነቃ ሲሆን፣ በብዛት የሚገኘው በ57 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ የሚነቃው ነው። ሁለተኛው ሙቀቱ የሚጨምርበትን ፍጥነት የሚከታተል ነው፤ ሙቀቱ በደቂቃ 8 ዲግሪ ያህል ወይም ከዚያ በላይ እየጨመረ ከሄደ የተወሰነውን ደረጃ ሳይጠብቅ ይነቃል። ይህ ሁለተኛው ዓይነት ለመጋዘንና ለመኪና ማቆሚያ ጥሩ ነው። የምድጃ በር በተከፈተ ቁጥር ትኩስ አየር ወደ ላይ በሚተፋበት ወጥ ቤት፣ ወይም ጄኔሬተር በተነሳ ቁጥር ክፍሉ በፍጥነት በሚሞቅበት ቦታ ግን አሁን ከምትሸሹት የሐሰት ጩኸት አያድናችሁም። ለእነዚህ ቦታዎች የተወሰነ ደረጃን የሚጠብቀውን ምረጡ።

የደረጃው ምርጫ የክፍሉን የዘወትር ሙቀት ማወቅን ይጠይቃል። በአውሮፓው የሙቀት ሴንሰሮች ደንብ በኢ.ኤን 54-5 መሠረት ኤ1 እና ኤ2 ተብለው የተመደቡት ሴንሰሮች ከፍተኛው የክፍል ሙቀት ከ50 ዲግሪ በማይበልጥበት ቦታ እንዲሠሩ የታሰቡ ናቸው፤ የቢ ምድብ እስከ 65 ዲግሪ ድረስ የሚፈቅድ ሲሆን የሚነቃውም ከ69 እስከ 85 ዲግሪ ባለው መካከል ነው። ሙቀቱን ስትለኩ ግን ቴርሞሜትሩን በደረታችሁ ከፍታ ይዛችሁ አትቁሙ፤ ጄኔሬተሩ ሙሉ ጭነት ተሸክሞ በሚሠራበት ሰዓት ኮርኒሱ ሥር፣ ሴንሰሩ በሚሰቀልበት ቦታ ላይ ለኩ። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለው ልዩነት ያስደነግጣችኋል። በገመድ አልባ ሴንሰር ላይ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ፦ ባትሪውም ሆነ የሬዲዮ ክፍሉ የራሳቸው የሙቀት ወሰን ስላላቸው፣ የሴንሰሩን ምድብ ብቻ ሳይሆን በአምራቹ መግለጫ ላይ ለመላው ዕቃ የተጻፈውን የሥራ ሙቀት ተመልከቱ።

ጥያቄ፦ ሴንሰሮቹ ገመድ ስለሌላቸው የትም ቢሰቀሉ ይሠራሉ ተብለናል። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት አይደለም፤ እንዲያውም ገመድ ካለው ሴንሰር ይልቅ የገመድ አልባው ቦታ አመራረጥ የበለጠ ያስቸግራል፤ ምክንያቱም ሙቀትም ሲግናልም በአንድ ነጥብ ላይ መገናኘት አለባቸው።

ከሙቀቱ እንጀምር። ትኩስ አየር ሽቅብ ወጥቶ ኮርኒሱን ተከትሎ ይዘረጋል፤ ወደ ጎን በራቀ ቁጥርም ከቀዝቃዛው አየር ጋር እየተቀላቀለ ኃይሉን ያጣል። የብሪታንያው ቢ.ኤስ 5839-1 ደንብ በጠፍጣፋ ኮርኒስ ሥር ማንኛውም የክፍሉ ነጥብ ከአንድ የሙቀት ሴንሰር ከ5.3 ሜትር በላይ እንዳይርቅ የሚጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው፤ ለጭስ ሴንሰር የተፈቀደው 7.5 ሜትር መሆኑን ስታስተውሉ፣ የጭስ ሴንሰሮችን አንድ በአንድ በሙቀት ሴንሰር መተካት ለምን የተሸፈነውን ቦታ እንደሚያጠብበው ይገባችኋል። በዚሁ ደንብ ሙቀቱን የሚቀበለው የሴንሰሩ ጫፍ ከኮርኒሱ ከ25 እስከ 150 ሚሊ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ከግድግዳ ቢያንስ 500 ሚሊ ሜትር፣ አየር ከሚነፍስበት ቀዳዳ ደግሞ ቢያንስ 1 ሜትር ይራቅ። ግድግዳው ላይ፣ በር አናት ላይ ወይም መደርደሪያ ሥር «ለባትሪ ቅየራ እንዲመች» ተብሎ የተሰቀለ ሴንሰር ለባትሪ ቅየራ ከመመቸት ሌላ ጥቅም የለውም።

ሲግናሉ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። በአውሮፓ ገበያ ያሉት ሥርዓቶች ብዙዎቹ በ868 ሜጋኸርዝ አካባቢ የሚሠሩ ሲሆን፣ ለአሜሪካ አህጉር የተሠሩት በ915 ሜጋኸርዝ አካባቢ ይሠራሉ፤ ከመግዛታችሁ በፊት ዕቃው በምትኖሩበት አገር በተፈቀደው ሞገድ የሚሠራ መሆኑን አረጋግጡ። ምንም በማይጋርደው ገላጣ ቦታ እንኳ ርቀቱ በእጥፍ ባደገ ቁጥር ሲግናሉ በ6 ዲሲቤል (ዲሲቤል የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ ነው) ይቀንሳል። ሕንፃ ውስጥ ደግሞ ፌሮ የበዛበት አርማታ፣ የብረት በር፣ የአሳንሰር ጉድጓድ፣ የውኃ ታንከር፣ ትልቅ መስታወት፣ ጀርባው በአሉሚኒየም የተለበጠ የሙቀት መከላከያ ሁሉ የየራሳቸውን ድርሻ ይወስዳሉ። በካታሎግ ላይ የተጻፈው የመቶዎች ሜትር ርቀት የተለካው በሜዳ ላይ እንጂ በእናንተ ምድር ቤት ውስጥ አይደለም።

ስለዚህ ኮርኒሱን ከመብሳታችሁ በፊት ሴንሰሩን ከፓናሉ ጋር አስተዋውቃችሁ፣ በዘንግ ጫፍ አስራችሁ ወይም በጊዜያዊ ማጣበቂያ ይዛችሁ በታሰበለት ቦታ ላይ የሲግናሉን ጥንካሬ አንብቡ። በሮች ሁሉ ይዘጉ፣ ማሽኖች ይነሡ፣ መኪናዎች በየቦታቸው ይቁሙ። እኔ በግሌ አምራቹ ከሚጠይቀው ዝቅተኛ መጠን በላይ ቢያንስ 10 ዲሲቤል ትርፍ ካላየሁ ድሪሉን አላነሳም። ይህን ልማድ ያስተማረኝ ስህተት ነው፤ ከዓመታት በፊት ባዶ በነበረ መጋዘን ውስጥ ተክዬ፣ ሁሉም ሴንሰሮች በሚገባ እየተገናኙ አስረክቤ ሄድኩ፤ እስከ ጣሪያ የሚደርስ የብረት መደርደሪያ ገብቶ በዕቃ ሲሞላ ግን በመጨረሻው መስመር ያሉት ሦስት ሴንሰሮች ከፓናሉ ጠፉ።

የሙቀቱ ቦታና የሲግናሉ ቦታ አልስማማ ሲሉ የትኛው ይቅደም? ሙቀቱ ይቅደም። ሴንሰሩን ሲግናል ወዳለበት ጥግ አትግፉት፤ ሲግናል ተቀባዩን አዛውሩት ወይም በመካከል ሪፒተር፣ ማለትም ሲግናሉን ተቀብሎ አጠንክሮ የሚያስተላልፍ ዕቃ፣ ጨምሩ። ሪፒተሩም እንደ ማንኛውም የሥርዓቱ አካል ዋናው ኃይል ሲቋረጥ የሚሸከመው ተጠባባቂ ባትሪ ሊኖረው ይገባል፤ በተራ ሶኬት ላይ ብቻ የተሰካ ሪፒተር መብራት በጠፋ ቁጥር ከሥሩ ያሉትን ሴንሰሮች ሁሉ ይዞ ይጠፋል።

ጥያቄ፦ ተከላው እንዳለቀ ቴክኒሻኑ ሴንሰሩ ላይ ማግኔት አስጠግቶ ሳይረኑ ሲጮህ «ጨርሰናል» አለ። ባልደረባዬ ደግሞ በላይተር ካልሞቀ አላምንም ይላል። ማን ልክ ነው?

መልስ፦ ሁለቱም ልክ አይደሉም። ማግኔቱ ከሴንሰሩ ውስጥ ያለውን የኤሌክትሮኒክስ ክፍል ቀስቅሶ መልእክቱ እስከ ፓናሉ መድረሱን ያሳያል፤ ሙቀትን የሚለየው ቴርሚስተር መሥራቱን ግን አያሳይም። ከግንባታ ሥራ የተረፈ የላስቲክ ሽፋን ያልተነሳለት ሴንሰር እንኳ የማግኔት ፈተናን በሚገባ ያልፋል። ላይተሩ ደግሞ ፕላስቲኩን ያቀልጣል፣ ጥቀርሻ ይጥልበታል፣ ከዚያም በላይ ፈታኙ ራሱ የእሳት ምክንያት እንዲሆን ያደርጋል። ቀለም ለመላጥ የሚያገለግለው ትኩስ አየር መንፊያም ከ300 ዲግሪ በላይ ስለሚተፋ ከላይተሩ ብዙም አይሻልም። የሚገባው መሣሪያ ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተሠራ፣ በረጅም ዘንግ ላይ የሚሰካና ሴንሰሩን እንደ ኩባያ ከሥር ሸፍኖ የተመጠነ ትኩስ አየር የሚነፍስ ነው። እርሱ ካልተገኘና የአምራቹ መመሪያ የሚፈቅድ ከሆነ ተራ የፀጉር ማድረቂያ ከርቀት ተይዞ ሊያገለግል ይችላል።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ውስጣቸው ያለው ብረት ቀልጦ አንድ ጊዜ ብቻ የሚነቁ የሙቀት ሴንሰሮች አሉ። እነዚህ በሙቀት ከተፈተኑ ተመልሰው አይሠሩም፣ ይቀየራሉ። ፊታችሁ ያለው የትኛው ዓይነት እንደሆነ ሳታውቁ ሙቀት አታስጠጉ።

የፈተናው ሂደት ከፓናሉ ይጀምራል። የሕንፃው ነዋሪዎችና፣ ካለ፣ ማስጠንቀቂያውን ከሩቅ የሚከታተለው ጣቢያ አስቀድመው ይነገራቸው፤ አሳንሰር የሚያወርዱ፣ በር የሚለቁ ወይም ጋዝ የሚዘጉ ትእዛዞች ለጊዜው ይታገዱ። ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ከሴንሰሩ ሥር፣ ሌላው ከፓናሉ ፊት። ሴንሰሩ ላይ ቀይ መብራት መብራቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፣ ያ መብራት ሴንሰሩ ሙቀቱን ማወቁን እንጂ ፓናሉ መስማቱን አይነግራችሁምና። ከፓናሉ ፊት ያለው ሰው የመጣውን የሴንሰር ቁጥርና የቦታ ስም ጮክ ብሎ ያንብብ። በገመድ አልባ ተከላ ሴንሰሮች ከፓናሉ ጋር የሚተዋወቁት ብዙውን ጊዜ ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው ስለሆነ ሲሰቀሉ ቦታ መለዋወጣቸው የተለመደ ነው፤ በምድር ቤት የተነሳን እሳት ፓናሉ «ሦስተኛ ፎቅ» ብሎ ቢያሳይ ምን እንደሚከተል መገመት አያዳግትም።

ብዙ ሰው የሚዘለው ሌላው ፈተና የዝምታ ፈተና ነው። ሴንሰሩን ከመቀመጫው አውጡትና ፓናሉ መነቀሉን ማሳወቁን ተመልከቱ፤ ቀጥሎ ባትሪውን አውጥታችሁ ጠብቁ። ለገመድ አልባ አካላት የወጣው የአውሮፓው ኢ.ኤን 54-25 ደንብ የግንኙነት መቋረጥ ከ300 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ እንዲታወቅና ከዚያም ከ100 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ በፓናሉ ላይ እንዲታይ ያዛል፤ ስለዚህ ሰባት ደቂቃ ያህል ጠብቃችሁ ምንም የብልሽት ምልክት ካላያችሁ ተከላውን አትቀበሉ። ሁሉም ሲያበቃ የታገዱት ትእዛዞች መመለሳቸውን በዝርዝር አረጋግጡ፤ ከፈተና በኋላ ታግዶ የተረሳ ሳይረን ካልተተከለ ሳይረን የሚለየው በዋጋው ብቻ ነው። እያንዳንዱ ሴንሰር የተፈተነበት ቀንና የሲግናሉ ንባብ በመዝገብ ይግባ፤ ፈተናውም ለሁሉም ሴንሰሮች ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይደገም።

ጥያቄ፦ ኮርኒሱን ስንቀባ ሴንሰሮቹንም በተመሳሳይ ቀለም ብንቀባቸው ጉዳት አለው?

መልስ፦ አለው። ቀለሙ በሙቀት ተቀባዩ ላይ ተጨማሪ ልብስ ይሆንበታል፣ የአየር መግቢያዎቹንም ይደፍናል። የተቀባ ሴንሰር ታጥቦ አይመለስም፣ ይቀየራል። ቀቢዎች ከመግባታቸው በፊት ሸፍኑት፤ በወጡ ዕለትም ሽፋኑን አንሱ።

ጥያቄ፦ አምራቹ ባትሪው ለዓመታት እንደሚቆይ ጽፎ ሳለ ከአሥራ ሁለቱ ሴንሰሮቻችን ሁለቱ በየጥቂት ወሩ ባትሪ ይጨርሳሉ። በመለኪያ ስናየው ግን ባትሪው ደህና ቮልቴጅ ያሳያል። ሴንሰሮቹ ተበላሽተው ይሆን?

መልስ፦ ከመቀየራችሁ በፊት የእነዚያን ሁለት ሴንሰሮች የሲግናል ንባብ ተመልከቱ። ገመድ አልባ ሴንሰር አብዛኛውን ጊዜውን የሚያሳልፈው በእንቅልፍ ነው፤ ባትሪውን የሚበላው ነቅቶ ሲልክ ነው። ያለበት ቦታ ሲግናል ደካማ ከሆነ መልእክቱ ደረሰልኝ የሚል መልስ ስለማያገኝ ደጋግሞ ይልካል፣ ኃይሉንም ጨምሮ ይልካል። በኢ.ኤን 54-25 መሠረት የተሠራ ሴንሰር በተለመደው አሠራር ቢያንስ 36 ወር በባትሪው መቆየት ሲኖርበት በወራት ካለቀ፣ ከአሥራ ሁለት ሁለቱ ብቻ መሆናቸውም ሲታከልበት፣ ጣቴን በቅድሚያ የምቀስረው ወደ ቦታው ነው። የቅዝቃዜ ክፍል ውስጥ ከሆኑም ብርዱ የባትሪውን አቅም ይቀንሳል።

የመለኪያውን ንባብ በተመለከተ፣ የሊቲየም ባትሪ ሊያልቅ እስኪቃረብ ድረስ ቮልቴጁን እንደያዘ ስለሚቆይ ደህና ቁጥር ማሳየቱ ብዙ አይነግራችሁም። በተለይ 3.6 ቮልት የሚሰጠው የሊቲየም ታዮኒል ክሎራይድ ባትሪ ለረጅም ጊዜ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ውስጡ ስስ ሽፋን ያበጃል፤ ያለ ጭነት (ኃይል የሚወስድበት ዕቃ ሳይገናኝ) ሲለካ ሙሉ ይመስላል፣ ሴንሰሩ ለመላክ ኃይል ሲጠይቀው ግን ለአፍታ ይወድቃል። ስለዚህ የተመረተበትን ቀን አይታችሁ ግዙ፣ የምትለኩትም ጭነት አድርጋችሁበት ይሁን። አንድ ሴንሰር ከአንድ በላይ ባትሪ የሚይዝ ከሆነ ሁሉንም በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ቀይሩ። ምልክቱ 3 ቮልት የሚለውን በ3.6 ቮልቱ ቦታ ለማስገባት፣ መጠኑ ቢገጥም እንኳ፣ አትሞክሩ። ከተቀየረ በኋላም ያ ሴንሰር እንደ አዲስ ተቆጥሮ በትኩስ አየር ይፈተን፤ ባትሪ ሲቀየር ከመቀመጫው ወጥቶ የተመለሰ ሴንሰር በትክክል ሳይቆለፍ ሊቀር ይችላል።