አንድ ጡሩምባ፣ ብዙ ሰሚ

ጥያቄ፦ እናቴ ለካንሰር ሕክምና ደሴ ትመላለሳለች። ማስታወኩን የሚያስታግስላት ኦንዳንሴትሮን የሚባል ክኒን ነው። ታናሽ እህቴ ደግሞ ለድብርት ፍሉኦክሴቲን ትወስዳለች። ሁለቱም ሴሮቶኒን በሚባል ነገር ላይ እንደሚሠሩ ሰማሁ። የእናቴ ሲያልቅ ከእህቴ ባካፍላት ምን አለበት?
ከሐይቅ

መልስ፦ እባክዎ አያካፍሏቸው። ደሴ ውስጥ መድኃኒት ቤት ከቆምኩ 19 ዓመት ሆኖኛል፤ “አይሆንም” ብቻ የተባለ ሰው ቤቱ ሲገባ እንደሚያካፍል አውቃለሁና ምክንያቱን ልንገርዎ።

ሌሊት የእድር ጡሩምባ ሲነፋ ድምፁ አንድ ነው። የሰማው ግን እንደየድርሻው ይነሣል፤ አንዱ ድንኳን ሊተክል፣ ሌላው መቃብር ሊቆፍር፣ ሴቶቹ ንፍሮ ሊጥዱ። በሕዋሳት መካከል መልእክት የሚያደርሰው ሴሮቶኒን የሚባል ቅመም ጡሩምባው ነው። ሰሚዎቹ በሕዋሳት ላይ ያሉ ተቀባይ ፕሮቲኖች ናቸው፤ በሰው አካል ከአሥር በላይ ዓይነት ሲሆኑ በ7 ቤተሰብ ይመደባሉ።

ከሰውነታችን ሴሮቶኒን 90 በመቶ ያህሉ የሚገኘው አንጎል ውስጥ ሳይሆን አንጀት ውስጥ ነው። የእናትዎ ሥቃይም የሚጀምረው ከዚያ ነው። የካንሰሩ መድኃኒት የአንጀትን ግድግዳ ሲጎዳ፣ እዚያ ያሉ ሕዋሳት ሴሮቶኒን ያፈሳሉ፤ አጠገባቸው ባለው የነርቭ ጫፍ ላይ የተቀመጠው የ3ኛው ቤተሰብ ተቀባይ ይሰማል። ይህ ተቀባይ ከሌሎቹ ሁሉ ይለያል። ሌሎቹ መልእክቱን በሕዋሱ ውስጥ ላለ ሌላ ፕሮቲን ያቀብላሉ፤ እርሱ ግን ራሱ በር ነው። ሴሮቶኒን ሲነካው ወዲያው ይከፈትና እንደ ሶድየም ያሉ ቅንጣቶች ወደ ነርቩ ይገባሉ፤ ወሬው አንጎል ይደርሳል፣ ማስታወክ ይከተላል። ኦንዳንሴትሮን የዚያን በር መንኪያ ቀድሞ ይይዛል።

ፍሉኦክሴቲን ከዚህ በር ጋር ሥራ የለውም። ነርቮች የለቀቁትን ሴሮቶኒን መልሶ የሚሰበስብ ፕሮቲን አለ፤ የሚያግደው እርሱን ነው። ጡሩምባው ለሰሚዎች ሁሉ ረዘም ብሎ ይሰማል፤ አንጀት ውስጥ ላለው ሰሚም ጭምር። ከታወቁት የጎንዮሽ ጉዳቶቹ አንዱ ማቅለሽለሽ የሆነውም ለዚህ ነው። ለእናትዎ ቢሰጧቸው ሊያባብስባቸው ይችላል!

የመድኃኒት ቀማሚዎች ትልቁ ጭንቀት የትኛው ሰሚ ይነካ የሚለው ነው። ለማይግሬን የሚሰጠው ሱማትሪፕታን 1ቢ እና 1ዲ የሚባሉትን ሰሚዎች መርጦ በመቀስቀስ በራስ ዙሪያ የሰፉ የደም ሥሮችን ያጠብባል። ፌንፍሉራሚን የተባለው የውፍረት መቀነሻ ግን የልብ ክዳኖች ላይ ያለውን 2ቢ የሚባል ሰሚ ጭምር ቀሰቀሰ፤ ክዳኖቹ ደነደኑ፣ መድኃኒቱም እ.ኤ.አ. በ1997 ከአሜሪካ ገበያ ወጣ። አሁን አዲስ ቅመም 2ቢን እንዳይቀሰቅስ አስቀድሞ ይፈተሻል።

ስለ እህትዎም አንድ ነገር ልጨምር። ወገቧን አሟት ትራማዶል የሚባል የሕመም ማስታገሻ ልትገዛ ብትሄድ፣ ፍሉኦክሴቲን እንደምትወስድ አስቀድማ ትናገር። ሁለቱ ሲገናኙ ሴሮቶኒን ከልክ ሊያልፍ ይችላል፤ ያኔ መንቀጥቀጥ፣ ላብና ትኩሳት ያመጣል፤ ሕይወትንም ሊያሰጋ ይችላል። የእናትዎ ክኒን ደግሞ እስኪያልቅ አይጠብቁ፤ የጥቂት ቀን ሲቀረው ማሸጊያውን ይዘው ወደ ሐኪማቸው ይሂዱ።