መልስ፦ የፕሪየስ ካምሻፍት ቪትዝ ላይ ቢገጠም ነዳጅ ይቆጥባል?

ወንድሜ፣ የፕሪየስን ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍትና የሚዘጋውን ዘንግ) ባለ 1.5 ሊትሩ ቪትዝህ ላይ ለመግጠም አስበሃል፤ ካምሻፍቱን ብቻ መቀየር ግን ገንዘብ ማባከን ነው።

የፕሪየስ ሞተር በአትኪንሰን ዑደት ነው የሚሠራው። የአየር ማስገቢያ ቫልቩ ፒስተኑ ወደ ላይ መውጣት ከጀመረ በኋላም ክፍት ይቆያል፤ ከገባው አየር ከፊሉ ወደ ማኒፎልድ (ወደ አየር ማስገቢያው ቱቦ) ይመለሳል። የሚታመቀው አየር ያንሳል፣ የተቃጠለው ጋዝ ግን ፒስተኑን ሙሉውን ርቀት ይገፋል። ቁጠባው የሚመጣው ከዚህ ነው። ለዚህም የኮምፕሬሽን ምጣኔው (ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን ቦታ ስንት እጥፍ እንደሚያጠብ) 13 ለ 1 ተደርጓል። የቪትዝህ 10.5 ለ 1 ነው፤ ፒስተኑን ሳትቀይር ቫልቩን ብታዘገይ ኮምፕሬሽኑ ይወድቃል፣ ጉልበት ያጣል፣ አንተም ነዳጅ መርገጫውን አብዝተህ ትጫናለህ። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ ዳገት ላይ ይብስብሃል። ፕሪየስ ይህን ድክመት የሚሸፍነው በኤሌክትሪክ ሞተሩ ነው፤ አንተ ጋ እሱ የለም።

ይልቅ ቴርሞስታቱን (የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠረውን ቫልቭ) አስፈትሽ። ብዙ ጋራዥ አውጥቶ ይጥለዋል፤ ያኔ ሞተሩ በቂ ሙቀት አያገኝም፣ ኮምፒውተሩም ቀዝቃዛ ነው ብሎ ነዳጅ ይጨምራል። ቀጥሎ በጭስ ማውጫው ያለውን ኦክስጅን የሚለካውን ኦክስጅን ሴንሰር እይ። የጎማ ንፋስ በሹፌሩ በር ላይ በተለጠፈው ልክ ይሁን።