ሊኑክስሽ አልጠፋም፤ ፎርማት እንዳታስደርጊ

ሰላም እህቴ። ከኮዬ ፈጬ የላክሽውን ጥያቄ አነበብኩት። ዊንዶውስ አፕዴት ካደረገ ወዲህ ላፕቶፑ ምርጫ ሳይሰጥሽ በቀጥታ ወደ ዊንዶውስ ይገባል፣ የመመረቂያ ጽሑፍሽ ያለው ከዊንዶውሱ ጎን በተጫነው ሌላ ሲስተም፣ ሊኑክስ ሚንት ላይ ነው፣ ሠሪው ደግሞ «ሁሉም ፎርማት ተደርጎ እንደ አዲስ ይጫን» ብሎሻል። እባክሽ እንዳታስነኪው! እኔ እዚሁ ቱሉ ዲምቱ ነኝ፤ የሰፈሩን ልጆች ላፕቶፕ ሳይ ስለኖርኩ እንዲህ ሲሆን ፋይሉ አብዛኛውን ጊዜ ምንም እንደማይሆን አውቃለሁ። የሚቀየረው ማዘርቦርዱ የትኛውን ቀድሞ ያስነሳ የሚለው ተራ ነው።

ላፕቶፑን አጥፊውና ስታበሪው ኤፍ 12ን ደጋግመሽ ተጫኚ። ዴልና ሌኖቮ ላይ እሱ ነው፤ ኤችፒ ከሆነ መጀመሪያ ኢስኬፕ፣ ቀጥሎ ኤፍ 9። ዝርዝር ይመጣልሻል። እዚያ ውስጥ «ሚንት» የሚል ብታጪ አትደንግጪ፤ ሚንት ኡቡንቱ ላይ የተሠራ ስለሆነ የሚመዘገበው «ኡቡንቱ» ተብሎ ነው። ብዙ ሰው «የለም» ብሎ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነው። እሱን ምረጪ።

ከተነሳልሽ ሌላ ነገር ከመነካካትሽ በፊት ጽሑፍሽን ፍላሽ ላይ ገልብጪ። የዊንዶውሱ ዲ ዲስክ ላይ ላስቀምጠው ብትዪ አልቀበልም ሊልሽ ይችላል፤ ዊንዶውስ «ፋስት ስታርትአፕ» ከበራ ስታጠፊው ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ ሚንት ደግሞ በዚያ ሁኔታ ላይ ያለ ዲስክ ላይ መጻፍ አይደፍርም። ልክም ነው።

ከዚያ ባዮስ (ላፕቶፑ ሲነሳ የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ገጽ) ገብተሽ «ኡቡንቱ»ን ከ«ዊንዶውስ ቡት ማናጀር» በላይ አድርጊው። ግን ቢትሎከር (ዊንዶውስ ዲስኩን የሚቆልፍበት) በርቶ እንደሆነ ቀድመሽ እዪ። ከበራ ባዮስ ላይ ስትነካኪ 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ሊጠይቅሽ ይችላል፤ ከማይክሮሶፍት አካውንትሽ ላይ አውጥተሽ ወረቀት ላይ ጻፊው።

«ኡቡንቱ» ጭራሽ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ የሚንት መጫኛ ያለበትን ፍላሽ ሰክተሽ በእሱ አስነሺ። ፍላሹ ሁለት ጊዜ ከመጣ «ዩኢኤፍአይ» የሚለውን ምረጪ። «ዲስክስ» የሚለውን ፕሮግራም ክፈቺና «ኤክስት 4» የሚል ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ካለ ሊኑክስሽ አለ ማለት ነው፣ እፎይ በይ፤ በፋይል ማናጀሩ ገብተሽ ጽሑፍሽን አውጪ። ቀጥሎ ሜኑው ላይ ያለውን «ቡት ሪፔር» ከፍተሽ የሚመክርሽን ጥገና አስጀምሪ። ኢንተርኔት ከጠየቀ ስልክሽን በኬብል አገናኝተሽ ዩኤስቢ ቴተሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት ለላፕቶፑ ማካፈያ) ክፈቺለት።

«ኡቡንቱ»ን ስትመርጪ «ሴኪዩሪቲ ፖሊሲ ቫዮሌሽን» ብሎ ከጠፋ ጉዳዩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2024 የወጣ የዊንዶውስ አፕዴት በብዙ አገር ያሉ ሰዎችን በዚሁ አስቸግሯል። ባዮስ ውስጥ ሲኪዩር ቡትን (ያልታመነ ሲስተም እንዳይነሳ የሚከለክለውን) ለጊዜው አጥፍተሽ ሚንት ግቢ፣ አፕዴት አድርጊው።

የመብራቱን ነገር ግን አደራ። በእኛ አካባቢ ሳያስጠነቅቅ ይሄዳል፤ ያገለገለ ላፕቶፕ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ባትሪው አይዝም። ባለፈው ክረምት አንድ ጎረቤቴ ሚንትን አፕዴት እያደረገ መብራት ሄደበት። ሲመለስ ጥቁር ስክሪን ላይ «ኢኒትራምኤፍኤስ» የሚል ጽሑፍና ብልጭ ድርግም የምትል ሰረዝ ብቻ ቀረችው። «ኤፍኤስሲኬ» በሚባለው ትእዛዝ ዲስኩን አስመርምረን፣ ላስተካክል ወይ እያለ ሲጠይቀን «ዋይ» (Y) የሚለውን ቁልፍ እየተጫንን አስነሳነው። ፓርቲሽን እያጠበበ ቢሆን ኖሮ ፋይሎቹ ላይተርፉ ይችሉ ነበር። ባትሪሽ ካልያዘ ጥገናውን ካምፓስ ወይም ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚያቆይ ባትሪ) ያለው ሰው ጋ ሄደሽ ሥሪው።

ኤፍ 12 ስትጫኚ የሚመጣውን ዝርዝር በስልክሽ ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ላኪው፤ የቱን እንደምትመርጪ አይቼ እነግርሻለሁ።