መልስ፦ «ሰው ተገድሎ ድመቷ ምን ትሠራለች?» ላልሽው እህታችን

ጥያቄሽን ትናንት ማታ ነው ያየሁት። «ድመት ያለበት የወንጀል ልቦለድ ሲደነቅ እሰማለሁ፣ ሰው ሞቶበት እንዴት ነው ደስ የሚል መጽሐፍ የሚሆነው፣ ድመቷስ እዛ ውስጥ ምን ትሠራለች» ነው ያልሽው። ከስሩ ደግሞ አንዱ «የሥራ ፈት ንባብ ነው» ብሎ ላይክ ሰብስቦበታል። ወንድሜ አብሽር፣ እኔ ሥራ አለኝ፣ ኮምቦልቻ ከእናቴ ጋር እህል እንሸጣለን፣ ገበያ ሲቀዘቅዝ ጆንያ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የማነበው፣ እንደዚህ ዓይነቱን ደግሞ ብዙ ስላነበብኩ ረዘም አድርጌ ልመልስ፣ ያልተመቸው ይለፈው።

ዘውጉን ፈረንጆቹ ኮዚ ሚስትሪ ነው የሚሉት። ግድያ አለ ግን ሲገደል አታዪም፣ ሬሳው ይገኛል፣ ሰው ይደነግጣል፣ ከዛ በቃ ወደ ወሬው ይገባል። ደም የሚረጭበት ገጽ የለም፣ የመኝታ ቤት ነገርም የለም፣ ስድብ ራሱ ከስንት አንዴ ነው፣ ለእናትሽ ጮክ ብለሽ ልታነቢላት ትችያለሽ (እኔ እየተረጎምኩ አንብቤላታለሁ፣ ገዳዩን ከኔ ቀድማ ነው ያወቀችው)። መርማሪው ፖሊስ አይደለም፣ ዳቦ ቤት ያላት ሴትዮ ናት ወይ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ወይ ጋዜጠኛ፣ ፖሊስ አለ ግን ሁሌ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ነው። ቦታው ሰው ሁሉ የሚተዋወቅበት ትንሽ ከተማ ነው፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ማን እንደገደለና ለምን እንደገደለ ይታወቃል። ይሄኛው ለኔ ዋናው ነው፣ ተንጠልጥሎ የሚቀር ነገር የለም።

ድሮ የማነበው ከባድ ከባዱን ነበር፣ ሰው የሚታረድበት፣ ገዳዩ ራሱ የሚተርክበት። ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ ግን እሱን መክፈት አስጠላኝ፣ እዚህ ግሩፕ ያላችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች ለምን እንደሆነ ስለምታውቁ አልዘረዝረውም። ንባብ ደግሞ መተው አልቻልኩም፣ እንቆቅልሽ የሚፈታበት ታሪክ ነፍሴ ነው፣ እና እንቆቅልሹ ኖሮ ጭካኔው የሌለበትን ስፈልግ ስፈልግ እነዚህ ጋ ደረስኩ። በኋላ ሳየው አዲስ ነገርም አይደለም፣ እንግሊዝ አገር የመንደር ግድያ ታሪክ እንደ ጉድ የተነበበው በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መሃል ባሉት ዓመታት ነው፣ የአጋታ ክሪስቲዋ ሚስ ማርፕል፣ ያቺ ሹራብ እየሠራች ሁሉን የምትታዘብ አሮጊት፣ የመጀመሪያ ልቦለዷ የወጣው በፈረንጅ 1930 ነው። ጦርነት ያየ ሰው ሟቹ አንድ ሆኖ፣ ስም ኖሮት፣ ማን ገደለው ተብሎ ተጠይቆ መልስ የሚገኝበት ታሪክ ቢወድ ምን ይገርማል።

አሁን ወደ ድመቷ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠራት ሊሊያን ጃክሰን ብራውንን ነው፣ አሜሪካዊት ናት፣ ዲትሮይት ጋዜጣ ላይ ለረጅም ዓመት የሠራች። የሲያም ዝርያ ድመቷ ከፎቅ መስኮት ወድቃ ሞተችባት፣ ከዛ ሐዘን አጭር ልቦለድ ወጣላት፣ ቀጥሎ በ1966 (ከዚህ በኋላ ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው) «ዘ ካት ሁ» የሚባለውን ተከታታይ ጀመረች፣ እስከ 1968 ሦስት ደረሱ፣ ከዛ ጭጭ። 18 ዓመት ሙሉ ምንም። በ1986 አራተኛው ሲወጣ ግን ሰዉ ተሻማበት፣ እስከ 2007 ድረስ 29 አደረሰቻቸው፣ ያረፈችው በ2011 በ97 ዓመቷ ነው። ጡረታ ወጥቶ ቤት መዋል የሰለቸው ሰው እዚህ ካለ ይችን ሴትዮ ያስባት፣ አብዛኛውን የጻፈችው ሰባ ካለፋት በኋላ ነው።

ታሪኩ ላይ ኩዊለራን የሚባል ትልቅ ሪዝ ያለው ጋዜጠኛ አለ፣ ኮኮና ያም ያም ከሚባሉ ሁለት ድመቶች ጋር ነው የሚኖረው። ኮኮ ወንዱ ነው፣ ጠቋሚው እሱ ነው። አይናገርም። መጽሐፍ ከመደርደሪያ ይጥላል፣ አንድ ዕቃ ላይ ሄዶ ደጋግሞ ያሸታል፣ ያለ ሰዓቱ ይጮሃል። ኩዊለራን መጀመሪያ ይቆጣዋል፣ በኋላ የወደቀውን መጽሐፍ አንስቶ ርዕሱን ሲያይ ሪዙን ይነዝረዋል፣ የሆነ ነገር ይጠረጥራል። ድመቱ አውቆ ነው የጣለው ወይስ አጋጣሚ ነው? ደራሲዋ ቁርጡን አትነግርሽም። እኔን የያዘኝ ይሄ ነው፣ ፍንጩ ሁሌ አጠገብሽ ወድቋል፣ የሚያነሳው ግን ሰው መሆን አለበት።

ይሄ የተጋነነ ከመሰለሽ እኛ እህል ቤት መጥተሽ ቁጭ በይ። ድመታችን ጠዋት የጤፉ ማዳበሪያ ላይ ትወጣና ግድግዳውና ጆንያው የሚገናኙበትን አንዱን ጥግ ማየት ትጀምራለች። ሰው ይገባል ይወጣል፣ ሚዛን ይንኳኳል፣ ተሸካሚ ይጮሃል፣ እሷ ወይ ፍንክች፣ ጆሮዋ ብቻ አንዱ ወደ ፊት አንዱ ወደ ጎን ይዞራል። የሰው ጆሮ ከ20 ሺህ ሄርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው) በላይ አይሰማም፣ የድመት ጆሮ ከ60 ሺህም በላይ ይሰማል፣ አይጦች እርስ በርስ የሚጯጯሁበት ቀጭን ድምፅ ለኛ ዝምታ ነው ለሷ ወሬ ነው። እናቴ ይሄን ስለለመደች ድመቷ አንድ ጥግ ላይ ካፈጠጠች ደምበኛም ቢኖር ተሸካሚ ጠርታ በዛ በኩል ያለውን ታስነሳለች፣ ከስሩ የተቀደደ ማዳበሪያና ወለሉ ላይ የፈሰሰ ማሾ ይገኛል። ድመቷ ለእናቴ ብላ ያደረገችው ነገር የለም፣ ሆዷን ነው የምታስበው። እናቴ ግን አይታ ማወቅ ትችላለች። ጥሩ የሆነው የድመት ሚስትሪ በሙሉ እንደዚህ ነው የሚሠራው፣ ድመቷ የራሷ ጉዳይ ላይ ናት፣ ብልሃቱ የሚያያት ሰው ጋ ነው።

ለዛ ነው ድመቶቹ የሚያወሩባቸው ብዙም የማይመቹኝ። ሪታ ሜይ ብራውን የምትባል ደራሲ አለች፣ ተከታታዩን በ1990 ነው የጀመረችው፣ ሽፋኑ ላይ የራሷን ድመት ስኒኪ ፓይ ብራውንን ተባባሪ ደራሲ አድርጋ ነው የምታወጣው (ይሄ በጣም ነው ያሳቀኝ፣ ክፍያውን በምን እንደሚካፈሉ እንጃ)። ቨርጂኒያ ውስጥ ትንሽ ከተማ ነው፣ ሃሪ የምትባል የፖስታ ቤት ሠራተኛ አለች፣ ሚስስ መርፊ የምትባል ድመትና ተከር የምትባል ውሻ አሏት፣ እንስሶቹ እርስ በርስ ያወራሉ፣ ሰዎቹ የሚሰሙት ሚያው ብቻ ነው። ፖስታ ቤቱ ጎበዝ ምርጫ ነው፣ የከተማው ሰው ሁሉ በየቀኑ የሚረግጠው ቦታ ስለሆነ። ግን አንባቢው ከድመቷ አፍ ሰምቶ ያወቀውን ሃሪ ሳታውቅ ስትዞር አንዳንዴ ያስቃል አንዳንዴ ያበሳጫል። ከዚህ ብሶ ድመቶቹ ለፖሊስ ስልክ እየደወሉ ጥቆማ የሚሰጡበትም ተከታታይ አለ። የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ ሲባል ነው ያደግነው፣ ድመት ስልክ ይዛ ስትመሰክር እዛ ላይ አቆምኩ። የሚወዱት ሰዎች ብዙ ናቸው፣ እኔ ነኝ ያልቻልኩት።

ሌላው የሚስበኝ ነገር ሰፈሩ ነው። እነዚህ መጽሐፎች ላይ ወንጀል የሚፈታው በላቦራቶሪ ሳይሆን ማን ከማን ጋር ተኳርፏል፣ ማን ሰሞኑን ሱቅ መሄጃ መንገዱን ቀየረ በሚል ነው፣ እና ይሄን ለወሎ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፣ ቡና ላይ ያደግን ሰዎች ነን። ደሴ ሆጤ አክስቴ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። በአረፋ ሰሞን ጓዳ የተሰቀለ ቋንጣ ጎደለ፣ ከገመዱ አንድ ወገን ጨርሶ ባዶ ሆነ። ፍርዱ ወዲያው ወጣ፣ የግቢው ድመት ናት ተባለ፣ ልጆቹ ሊያባርሯት ተነሱ፣ አክስቴ ደግሞ ነቢዩ ድመት ነጃሳ አይደለችም በመሃላችሁ የምትዘዋወር ናት ብለዋል እያለች መሃል ገብታ ትከላከላለች። በዚህ መሃል ጎረቤት ያሉ እማማ ለቡና መጡ። አቦሉን ጠጡ፣ ምንም አላሉም። ከቶናው በፊት ተነስተው ጓዳ ገቡና ወለሉን አዩ፣ የተጎተተ የለም፣ የተፈረፈረ የለም። ገመዱን አዩ፣ ሚስማሩ ላይ በሌላ ቋጠሮ ታስሯል፣ በፊት ድርብ የነበረው ነጠላ ሆኗል። ተመልሰው ተቀመጡና ሲኒያቸውን እያቀረቡ «ድመት ገመድ ፈትታ በልታ ስታበቃ መልሳ ታስራለች እንዴ ልጆቼ?» አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ፣ ምክንያቱም የዛን ጊዜ ሁሉም ሰው ማን እንደሆነ ገባው። ስሙን የጠራ የለም። በሳምንቱ ከቤተሰቡ አንድ ሰው በፌስታል ስጋ ይዞ መጣ፣ እንኳን ደህና መጣህ ተባለ፣ በቃ። ልዩነታችን እዚህ ላይ ነው፣ ፈረንጆቹ የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ሁሉንም ሳሎን ሰብስበው ጣታቸውን ይቀስራሉ፣ እኛ ጋ ገመና ይሸፈናል። ይሄን የኛን ዓይነት አጨራረስ ይዞ ደሴ ላይ አንድ ሰው ቢጽፍ ደግሞ እንዴት ደስ ባለኝ፣ ጉሙ አለ፣ ጦሳ አለ፣ ወሬው አለ፣ ድመቱም አለ።

እንከኑን አልደብቅሽም። አንደኛ የሚሞተው ሰው ብዛት፣ ትንሽ ከተማ ነው ይሉሻል ከዛ በየመጽሐፉ አንድ ሁለት ሰው ይገደላል፣ አሥረኛው ላይ ስትደርሺ እዛ ከተማ ማን ቤት ይከራያል ትያለሽ። ገጸ ባሕርያቱ አይለወጡም፣ ምግቡ ይበዛል፣ አንዳንዱ መጨረሻው ላይ የኬክ አሠራር ሁሉ ይለጥፋል። የሊሊያን ጃክሰን ብራውንም ቢሆን የመጨረሻ የመጨረሻዎቹ ደክመዋል፣ ምስጢሩ ቀርቶ የከተማው ዜና ብቻ የሆነ ይመስለኛል። አሁን ደግሞ ሽፋኑ ላይ ድመት ስዕል ለጥፎ ውስጡ ድመቷ ሁለት ጊዜ ብቻ ምግብ የምትበላበት መጽሐፍ ሞልቷል፣ ፎቶዋን ለማሻሻጫ ነው የፈለጓት። አንድ የሚያስደስተው ግን፣ ሰው ይሞታል እንጂ ድመቷ አትሞትም፣ ደራሲዎቹ ይሄን ሕግ ከነካን አንባቢ አይምረንም ብለው ነው መሰለኝ የሚያከብሩት።

ለመጀመር ከፈለግሽ ከ«ዘ ካት ሁ» የ1966ቱን የመጀመሪያውን አንብቢ፣ ካልጣመሽ 1986 ላይ የወጣውን አራተኛውን ሞክሪ፣ በቅደም ተከተል ካልሆነ የሚባለውን ብዙም አትስሚ፣ እያንዳንዱ ራሱን ችሎ ያልቃል። እንግሊዝኛው ቀላል ነው፣ ንግግር ይበዛዋል፣ ዲክሽነሪ የሚያስፈልግሽ ለምግቡና ለቤት ዕቃው ስም ነው። ጃፓኖቹም አላቸው፣ ጂሮ አካጋዋ የሚባለው ደራሲ በ1978 የጀመረው ሆምስ የምትባል ባለ ሦስት ቀለም ድመት ያለችበት ተከታታይ ነው፣ ባለቤቷ ደም ሲያይ የሚያዞረው ፖሊስ ነው፣ ጃፓን ውስጥ በጣም የታወቀ ነው።

እኔ ጋ በወረቀት ያሉ ጥቂቶች አሉ። ደሴ ያለ ሰው ማንበብ ከፈለገ ቅዳሜ ዕቃ ልገዛ በሀረጎ ሽቅብ መውጣቴ አይቀርም፣ ፒያሳ ላይ ልንገናኝ እንችላለን፣ በውስጥ ጻፉልኝ። ባለፈው የወሰድሽውን ያልመለስሽው ልጅ ግን አንቺ መጀመሪያ መልሺ፣ ማን እንደሆንሽ ታውቂያለሽ።