ዜሮ፣ የለም እና እንጃ

ፒያሳ ቡና የምጠጣበት ቤት ላፕቶፕ ከፍተው የሚከራከሩ ልጆች አሉ። ባለፈው አንዱ ጓደኛውን «ባዶውን ሁሉ በዜሮ ሙላውና እንገላገል» ሲለው ማኪያቶው ትን አለኝ። ይቺን ነገር እኔም በጊዜዬ ብያታለሁ።

የአንድ ጤና ተቋምን መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ስናስገባ ነው። የእድሜው አምድ ብዙ ቦታ ባዶ ነበር። ከገጠር የመጡ አዛውንት እድሜያቸውን ሲጠየቁ «እንጃ ልጄ፣ ጣልያን ሲገባ እረኛ ነበርኩ» ይላሉ። መዝጋቢው እንጃን ምን ብሎ ይጻፈው? ዘለለው። እኔ በዜሮ ሞላሁት። አማካዩ ሲወጣ አለቃዬ መነጽሩን አውልቆ «እዚህ የሚታከመው ሕፃን ብቻ ነው እንዴ?» አለኝ።

ልጆቼ፣ ዜሮ ቁጥር ነው። የተጠየቀ፣ የተመለሰ ነገር ነው። ፓይተን የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ለ«የለም» ነን (None) አለው፤ ለ«እንጃ» ናን (NaN)፤ ሰንጠረዥ የምንሠራበት የፓይተን መሣሪያ ፓንዳስ ደግሞ ለጎደለ ቀን ናት (NaT) ጨምሮበታል። (ነን፣ ናት። የሌለውን ሁሉ እንዳለ አድርገው መጥራታቸው ሁሌም ያስቀኛል።) ናንን ከራሱ ጋር እኩል ነህ ወይ ብትሉት አይደለሁም ይላል። ብዙ ሰው ይሄ ብልሽት ይመስለዋል። ሁለት አዛውንት «እድሜዬን እንጃ» ስላሉ ግን እኩያ ናቸው ትላላችሁ? ስለዚህ በእኩል ይሆናል ምልክት አትፈልጉት፤ በፓንዳስ «ኢዝኤንኤ» (isna፣ ጎድሏል ወይ) ብላችሁ ጠይቁ።

ዲክሽነሪ ላይ፣ ማለትም እያንዳንዱ ዋጋ በስሙ (በቁልፉ) በሚቀመጥበት የፓይተን መዝገብ ላይ፣ ደግሞ «ጌት» (get) አለላችሁ። በቅንፍ ስትጠሩት ቁልፉ ከሌለ ፕሮግራሙ ኪ-ኤረር ብሎ ቀጥ ይላል። ጌት ግን ጨዋ ነው፤ ነንን ወይም የሰጣችሁትን ምትክ መልሶ ያልፋል። ጨዋነቱ ታዲያ ልክ አለው። የታካሚው ስልክ ባይኖር ይለፍ። የካርድ ቁጥሩ ከሌለ ግን ይጩህ! ዝም ብሎ የሚያልፍ ፕሮግራም ጉዱን የሚያወጣው ሪፖርቱ ከተላከ በኋላ ነው።

«ኦር»ንም (or፣ የፊተኛው ከሌለ የኋለኛውን ውሰድ የሚለውን) ተጠንቀቁ። ለማሳጠር ብላችሁ የልጆች ብዛት ኦር «አልተጠየቀም» ብትሉ፣ ዜሮ ብላ የመለሰች ሴት አልተጠየቀችም ተብላ ትመዘገባለች። ፓይተን ዜሮንም ባዶ ጽሑፍንም እንደ ነን ውሸት ብሎ ነው የሚያየው። «ኢዝ ነን» ብላችሁ ለይታችሁ ጠይቁ፤ ሁለት ቃል ነው።

በአማካይ መሙላትም አለ። አንዳንዴ ይሠራል፣ ግን ሰዉን ሁሉ እኩያ ያደርገዋል። ከሞላችሁም የትኛው የእናንተ ሙሌት እንደሆነ የሚናገር አምድ ጨምሩበት።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን የቀን ነገር ነው። የ2008 ዓ.ም. መዝገብ ነበር፤ ቀኖቹ በእኛ አቆጣጠር የተጻፉ። በፓንዳስ ወደ ቀን ስቀይራቸው «ኮኧርስ» (coerce) የሚለውን አማራጭ ሰጠሁት፤ ያልገባውን ባዶ አድርጎ እንዲያልፍ። አለፈ። ጥቂት መቶኛ ጎደለ፣ ምንም አይደል ብዬ ልጥላቸው ነበር። መዝገብ ቤት የምትሠራ ልጅ ከትከሻዬ በላይ ስታይ ቆይታ «ጋሼ፣ እነዚህ እኮ ጳጉሜን ናቸው» አለችኝ።

እውነትም ጳጉሜን ናቸው። ኮምፒውተሩ 13ኛ ወር አያውቅም። ከነሱ ጋር ጥቅምት 30 ጠፍቷል፤ ለሱ ፌብሩዋሪ 30 ነዋ! መጀመሪያ የጎደሉትን ብቻ ላስተካክል ተነሳሁ። ከዚያ ቁጭ አልኩ። የጎደሉት እንዲህ ከሆኑ ያልጎደሉትስ? መስከረም 1ን ጃንዋሪ 1 ብሎ፣ ዓመቱንም 2008 እንዳለ ይዞ፣ ያለ ምንም ቅሬታ ተቀብሎታል። ሙሉ የመሰለኝ አምድ ከላይ እስከ ታች የተሳሳተ ነበር፤ እውነቱን የነገሩኝ እነዚያ ልጥላቸው የነበሩ ባዶዎች ናቸው።

ልጅቷን ቡና ጋበዝኳትና ሁሉንም ከአንድ ጀምረን ቀየርነው።